«መቼ?» የሚለው ከባድ ጥያቄ፦ ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ቀዶ ጥገናና ልጅ የመውለድ ዕቅድ

መግቢያ

ወደ ጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ስንገባ መጀመሪያ ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ ስድስቱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን እና እንዴት። ከስድስቱ ውስጥ «መቼ» ቀላሉ ይመስላል። ቀንና ሰዓት መጻፍ ነው፤ አለቀ። በሕክምና ጉዳይ ላይ ግን «መቼ» ከሁሉም የሚከብድበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ርዕስ እንዲህ ዓይነቱን ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ የተባለ ሕመም ያለባትና ወደፊት ልጅ መውለድ የምትፈልግ ሴት ቀዶ ጥገናውን መቼ ታድርግ? ከእርግዝና በፊት? ሞክራ ካልተሳካላት በኋላ? ወይስ ጭራሽ ሳታደርግ ትቅር?

ርዕሱን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ እኔ በሬዲዮ ከማዳምጣቸው የጤና ፕሮግራሞች ውስጥ ስለዚህ ሕመም ሲነገር የሰማሁት በጣም ጥቂት ጊዜ በመሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ታላቅ እህቴ ናት። በሴሚስተር ዕረፍት ወደ ሐኪም ስትሄድ አብሬያት እየሄድኩ ማስታወሻ እይዝላት ነበር። «ስሜን ካልጠራሽ ጻፊው፤ ለሌላዋ ይጠቅማታል» ብላ ፈቅዳልኛለች። ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ የሐኪምን ምክር አይተካም። ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ካሳያችሁ ግን ሥራውን ሠርቷል።

ለመሆኑ ኢንዶሜትሪዮሲስ ምንድን ነው?

ማህፀን ከውስጥ በኩል ስስ ሽፋን አለው። ሐኪሞች ኢንዶሜትሪየም ይሉታል። ይህ ሽፋን በየወሩ በሆርሞኖች ትእዛዝ ይወፍራል፤ እርግዝና ካልተፈጠረ ደግሞ ፈርሶ በወር አበባ መልክ ይወጣል። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው ይህን ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጪ ሲገኝ ነው። የሚገኝበት ቦታ ብዙ ጊዜ ኦቫሪ (እንቁላሎች የሚቀመጡበትና የሚያድጉበት ክፍል)፣ የሆድ ዕቃ ሽፋንና ከማህፀን ጀርባ ያለው ክፍተት ነው። አንዳንዴም አንጀትና የሽንት ፊኛ ላይ ይገኛል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ከቦታው ውጪ ያለ ሕብረ ሕዋስም ለሆርሞን ምላሽ ይሰጣል፤ ይቆጣል፣ ይደማል። የማህፀኑ ደም መውጫ አለው፤ የዚህኛው ግን የለውም። በመሆኑም አካባቢው ያብጣል፣ ጠባሳ ይፈጠራል፣ መለያየት የሚገባቸው የውስጥ አካላት እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ኦቫሪ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ያረጀ ደም ተጠራቅሞ ቡናማና ወፍራም ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ይፈጥራል። ከመልኩ የተነሣ «ቸኮሌት ሲስት» የሚባለው ይኸው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ የሚሆኑት፣ ማለትም 190 ሚሊዮን ያህሉ፣ ይህ ሕመም አለባቸው። በአንድ የትምህርት ክፍል 40 ሴቶች ካለን አራቱ ማለት ነው።

መንሥኤው እስከ ዛሬ በአንድ ቃል የሚነገር አይደለም። ጆን ሳምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1927 ያቀረበው ማብራሪያ እስካሁን ይጠቀሳል። የወር አበባ ደም ከፊሉ በቱቦዎቹ በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ አብሮት የገባው ሕዋስም እዚያው ይተክላል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ደም ወደ ኋላ መመለሱ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ የሚከሰት ሲሆን ሕመሙ የሚይዘው ግን ጥቂቶቹን ነው። ስለዚህ የሰውነት መከላከያና የዘር ውርስም ድርሻ እንዳላቸው ይታመናል። እናቷ ወይም እህቷ የታመመች ሴት የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ ከፍ ያለ ነው። ይህን አንብቤ ስጨርስ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። ጉዳዩ የእህቴ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ለምን ዘግይቶ ይታወቃል?

እህቴ ሕመሙ የጀመራት በ14 ዓመቷ ነው። የወር አበባዋ ሲመጣ ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ ተሞልቶ ሆዷ ላይ ይቀመጥላታል። እማዬ ጤና አዳም በቡና ትሰጣታለች። «እኛም እንዲሁ ነበርን፤ ስትወልጂ ይለቅሻል» ይሏታል ጎረቤቶች። ጤና ጣቢያ ስትሄድ አንዴ የሽንት ኢንፌክሽን፣ አንዴ ጨጓራ፣ አንዴ አንጀት ተብላለች። የማስታገሻ ኪኒን ወስዳ ትመለሳለች። ስሙን የሰማችው በ31 ዓመቷ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ማለት ነው!

ይህ የእሷ ብቻ ዕድል አይደለም። በሠለጠኑት ሀገሮችም ሕመሙ ከጀመረበት እስከሚታወቅበት ድረስ ዓመታት እንደሚያልፉ በተደጋጋሚ ተጽፏል። ምክንያቶቹም ግልጽ ናቸው። የወር አበባ ሕመም እንደ ተፈጥሮ ዕጣ ይታያል። ምልክቶቹ ከሌላ በሽታ ጋር ይመሳሰላሉ። ከዚህም ሌላ የሕመሙ ስፋትና የስቃዩ መጠን አብረው አይሄዱም። ሐኪሞች ሕመሙን ከአንድ እስከ አራት ደረጃ ይከፍሉታል፤ ነገር ግን አንደኛ ደረጃ ላይ ያለች ሴት ወለል ላይ ስትንከባለል፣ አራተኛ ደረጃ ላይ ያለችው ምንም ሳይሰማት ልትኖር ትችላለች።

ቀደም ሲል ሕመሙን በእርግጠኝነት ለማወቅ በቀዶ ጥገና ከፍቶ ማየትና ናሙና መውሰድ የግድ ነው ይባል ነበር። አሁን ይህ ተለውጧል። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶና ፅንስ ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ምልክቶችን በማዳመጥና በአልትራሳውንድ ወይም በኤም አር አይ በማየት ሕክምና መጀመር እንደሚቻል አስታውቋል። ለምርመራ ተብሎ የሚደረግ ቀዶ ጥገና ምስሉ ምንም ሳያሳይ ሲቀር ወይም መድኃኒት አልሠራ ሲል የሚታሰብ ሆኗል። ለርዕሳችን ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። «ለማወቅ» ሲባል ብቻ ቢላዋ ሥር መግባት ከቀረ፣ ጥያቄው «ቀዶ ጥገናው ለእኔ ምን ይጨምርልኛል?» ወደሚለው ይሸጋገራል።

ሁለት ሐኪሞች፣ ሁለት ምክር

እህቴ ካገባች ሁለት ዓመቷ ነው። በአልትራሳውንድ ሲታይ ግራ ኦቫሪዋ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቸኮሌት ሲስት ተገኘ። የመጀመሪያው ሐኪም «ይውጣ፤ ከዚያ ማርገዝ ይቀልሻል» አሏት። ሁለተኛ አስተያየት ፈልጋ ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄድ «አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ የምናያቸው ነገሮች አሉ» ተባለች። ከክሊኒኩ ስንወጣ ታክሲ ተራ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረችም። በኋላ «ታዲያ ማንኛቸው ናቸው ትክክል?» አለችኝ። እኔ ምን ልመልስላት? ቤት ስንደርስ የጻፍኩትን ማስታወሻ ከፍተን ነጥብ በነጥብ ማየት ጀመርን።

ከብዙ ንባብና ጥያቄ በኋላ የተረዳነው ሁለቱም ሐኪሞች ስለ እውነት እንደተናገሩ ነው። የተለያዩት የትኛውን እውነት እናስቀድም በሚለው ላይ ነው። ሁለቱንም ወገን እንመልከት።

ቀዶ ጥገናው የሚሰጠው

በአሁኑ ጊዜ የሚመረጠው ዘዴ ላፓሮስኮፒ ነው። ታካሚዋ ሙሉ ማደንዘዣ ትወስዳለች፤ ሆዷ በጋዝ ይነፋል፤ እምብርት አካባቢና ከታች በኩል በሚከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ ይገባል። ሐኪሙ የሕመሙን ቦታ ቆርጦ ያወጣል ወይም ያቃጥላል፤ የተጣበቀውንም ያላቅቃል።

የመጀመሪያው ጥቅም ከስቃይ መገላገል ነው። ብዙ ሴቶች ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሕመሙ ይቀንስላቸዋል። ሁለተኛው እርግዝናን ይመለከታል። በካናዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ቀለል ያለ ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባቸውን 341 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። የግማሾቹ ሕመም በላፓሮስኮፒ ሲወገድ የሌሎቹ ታይቶ ብቻ ተተወ። በ36 ሳምንት ክትትል ውስጥ የማርገዝ ዕድላቸው ሲሰላ በታከሙት 30.7 በመቶ፣ ባልታከሙት 17.7 በመቶ ሆነ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል ግን ከታከሙትም ውስጥ አብዛኞቹ በዚያ ጊዜ አላረገዙም። ቀዶ ጥገናው ዕድልን ከፍ ያደርጋል እንጂ ልጅን ቃል አይገባም።

ሲስትም ቢሆን በአግባቡ ከነከረጢቱ ሲወጣ፣ ፈሳሹን ቀድቶ ግድግዳውን ከማቃጠል ይልቅ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ያነሰ፣ በተፈጥሮ መንገድ የማርገዝ ዕድሉም የተሻለ ነው። በመርፌ ፈሳሹን መቅዳት ብቻውን ግን ብዙም አይጠቅም፤ ከረጢቱ እንደገና ይሞላል። የመጀመሪያው ሐኪም ምክር የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

ቀዶ ጥገናው የሚወስደው

ሴት ልጅ በእድሜ ልኳ የሚኖራትን እንቁላል ይዛ ትወለዳለች፤ ሲያልቅ አይተካም። ሲስቱ ሲላጥ ከግድግዳው ጋር ጤነኛ የኦቫሪ ክፍልም አብሮ ይሄዳል፤ ደም ለማቆም የሚደረገው ማቃጠልም ይጎዳዋል። ከቀዶ ጥገና በኋላ የእንቁላል ክምችትን የሚጠቁመው ኤ ኤም ኤች የተባለው የደም ምርመራ ውጤት ዝቅ እንደሚል በብዙ ጥናት ታይቷል። ሲስቱ በሁለቱም ኦቫሪ ላይ ካለ ወይም ቀዶ ጥገናው ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። እርግጥ ነው፣ ሲስቱ ራሱ ዝም ተብሎ ሲተውም ኦቫሪውን ይጎዳል። ሁለቱም መንገድ ዋጋ አለው።

ሌላው ነገር መመለሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ አንድ ጽሑፍ እንደሚያሳየው ሕመሙ ከቀዶ ጥገና በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ በ21.5 በመቶ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ደግሞ ከ40 እስከ 50 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይመለሳል። እንግዲህ «መቼ» የሚለው ጥያቄ ክብደቱ እዚህ ላይ ይታያል። ቀዶ ጥገናው ለማርገዝ የሚያመቻቸው ጊዜ በተለይ የመጀመሪያው አንድ ዓመት አካባቢ ነው። ልጅ ከምትፈልግበት ጊዜ ብዙ ዓመት ቀድማ የተሠራች ሴት፣ የሚጠቅማትን ጊዜ ሳትጠቀምበት ልታሳልፈው ትችላለች።

አይ ቪ ኤፍ፣ ማለትም እንቁላልና የወንድ ዘር ከሰውነት ውጪ ተገናኝተው ፅንሱ ወደ ማህፀን የሚገባበት ሕክምና፣ ለሚያስፈልጋቸው ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። ከላይ የጠቀስኩት የ2022 መመሪያ፣ ከአይ ቪ ኤፍ በፊት ቸኮሌት ሲስትን እንደ ልማድ ማውጣት በሕይወት የሚወለድ ልጅን ቁጥር ስለማይጨምር አይመክረውም። ሕመሙ ከበረታ ወይም ሲስቱ እንቁላል ለመውሰድ መንገድ ከዘጋ ግን ሊታሰብ ይችላል። የሁለተኛው ሐኪም ምክር ምንጩ ይህ ነው።

«መቼ»ን የሚወስኑት ነጥቦች

ከማስታወሻዬ ላይ እንደሚከተለው አሰባስቤያቸዋለሁ።

1. አስቸኳይ ምልክት አለ ወይ? ሲስቱ ካንሰር ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ካለ፣ ከኩላሊት የሚወርደው የሽንት ቱቦ ወይም አንጀት ከተዘጋ፣ ሲስቱ ከፈነዳ ወይም ኦቫሪው ከተጠመዘዘ የምርጫ ጊዜ አይኖርም። ቀዶ ጥገናው ይቀድማል።

2. ዕድሜ። የማርገዝ አቅም በተለይ ከ35 ዓመት በኋላ በፍጥነት ይቀንሳል። የ26 ዓመት ሴት ስድስት ወርና የ38 ዓመት ሴት ስድስት ወር እኩል አይደሉም።

3. ስቃዩ። መድኃኒት አልችለው ካለ፣ ሥራና ትምህርት ካስተጓጎለ፣ ግንኙነት ማድረግ ካልተቻለ፣ «ሞክሪ» የሚለው ምክር በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነው። እንዲህ ላለችው ሴት ቀዶ ጥገናው ለእርግዝናውም በር ይከፍታል።

4. የእንቁላል ክምችት። ከኦቫሪ ቀዶ ጥገና በፊት ኤ ኤም ኤችና በአልትራሳውንድ የሚደረገው ቆጠራ መታወቅ አለበት። ዝቅተኛ ውጤት «አታረግዢም» ማለት አይደለም። የሚነግረን ብዛቱን እንጂ ጥራቱን አይደለም። ትርጉሙ «ከዚህ ላይ የሚቀነስ ነገር በጥንቃቄ ይቀነስ» ነው።

5. ቱቦዎቹና ባልየው። ሁለቱም ቱቦ ከተዘጋ ወይም የባልየው የዘር ፈሳሽ ምርመራ ችግር ካሳየ፣ የሲስቱ መውጣት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የባልየው ምርመራ ከቀዶ ጥገና ጋር ሲነጻጸር ርካሽና ምንም የማያሳምም ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ ሴቲቱ ተመርምራ ካለቀች በኋላ የሚታወስ ነገር ነው።

6. ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ተሠራች? የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና የተሻለው ዕድል ነው። ስለዚህ በሚችለው ሐኪምና በተሟላ መሣሪያ ቢሆን ይመረጣል። «ስንት እንዲህ ዓይነት ቀዶ ጥገና ሠርተዋል?» ብሎ ሐኪምን በትሕትና መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

7. ከቀዶ ጥገናው በኋላስ? እ.ኤ.አ. በ2010 የተሠራ ከዜሮ እስከ 10 የሚቆጠር መለኪያ አለ። ዕድሜን፣ ምን ያህል ጊዜ እንደተሞከረና በቀዶ ጥገናው የታየውን ደምሮ፣ በተፈጥሮ መንገድ መሞከር ያዋጣል ወይስ ቶሎ ወደ አይ ቪ ኤፍ መሄድ ይሻላል የሚለውን ለመገመት ይረዳል። ሐኪሙ ያየውን በጽሑፍና በፎቶ እንዲሰጥ መጠየቅ ለዚህ ይጠቅማል።

አሁን ልጅ ለማይፈልጉ

አብዛኞቻችን የዚህ መጽሔት አንባብያን ተማሪዎች ነን። ልጅ ገና ሐሳባችን ውስጥ የለም። እንዲህ ላሉት ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በማስታገሻና በሆርሞን ነው፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል፣ ፕሮጄስትሮን መሰል ኪኒን ወይም መርፌ። እነዚህ የወር አበባን በማሳነስ ወይም በማቆም ስቃዩን ይቀንሳሉ። ቀዶ ጥገና የተደረገላት ሴትም ወዲያው ማርገዝ ካልፈለገች ሆርሞን ብትወስድ ሕመሙ ቶሎ እንዳይመለስ ይረዳታል።

ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ ሆርሞን የማርገዝ አቅምን አያሻሽልም። በሚወሰድበት ጊዜ እርግዝናን ይከለክላል እንጂ «ማህፀን ያጸዳል» የሚባለው ልክ አይደለም። ሁለተኛ፣ በሀገራችን በብዛት የሚወሰደው የሦስት ወር መርፌ ከቆመ በኋላ ማርገዝ እስኪቻል ወራት ሊፈጅ ይችላል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ አሥር ወር ያህል ይባላል። መካን አያደርግም፤ ያዘገያል። ማርገዝ የምትፈልግበትን ጊዜ የምታውቅ ሴት ይህን ከሐኪሟ ጋር አስቀድማ ማስላት አለባት።

ስለ አንዲት ደራሲ

ይህን ርዕስ ሳነብ ያገኘኋት እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሂላሪ ማንቴል ናት። የቡከር ሽልማትን እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2012 ያሸነፈች፣ ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ሆዷን ሲያማት ሐኪሞች የአእምሮ ችግር ነው ብለው የአእምሮ መድኃኒት ሰጧት። በኋላ ከባለቤቷ ጋር ቦትስዋና ስትኖር የሕክምና መጽሐፍ አገላብጣ የሕመሟን ስም ራሷ አገኘችው። ለንደን ተመልሳ ሲረጋገጥ ጊዜው አልፎ ነበር። በ27 ዓመቷ ማህፀኗና ኦቫሪዎቿ በቀዶ ጥገና ወጡ። ልጅ ሳትወልድ ቀረች፤ ሕመሙም ከዚያ በኋላ አልተዋትም። ይህን ታሪኳን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ጽፋዋለች። በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. በ70 ዓመቷ አርፋለች።

ለእኔ የዚህ ታሪክ ትምህርቱ ቀዶ ጥገና መጥፎ ነው የሚል አይደለም። «መቼ» የሚለውን ጥያቄ ለመጠየቅ መጀመሪያ የሕመሙ ስም በጊዜ መታወቅ አለበት። ስሙ ሲዘገይ ምርጫው ይጠባል። ማንቴል የምትመርጠው ነገር ሳይኖር ነው የደረሰችበት። እህቴ አሥራ ሰባት ዓመት ብትዘገይም ምርጫው ገና በእጇ ነው።

አማት የሚቆጥሩትና ሐኪም የሚቆጥረው

በእኛ ሀገር ይህ ውሳኔ በሁለት ሰው መካከል ብቻ አይወሰንም። የእህቴ አማት ደግ ሴት ናቸው፤ ግን ከሠርጉ ቀን ጀምረው ይቆጥራሉ። «ልጄ፣ ሁለት ዓመት እኮ ሞላችሁ» ይላሉ በየበዓሉ። ሁለተኛው ሐኪም ግን የቆጠሩት ከሌላ ቦታ ነው። እህቴ ከሠርጉ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ የሦስት ወር መርፌ ስትወስድ ቆይታለች። የመጨረሻውን ከወሰደች ገና ዘጠኝ ወሯ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ሦስቱ ወር መርፌው ራሱ የሚሠራበት ነው። «አንቺ እኮ ገና በደንብ አልሞከርሽም» አሏት። እህቴ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አንድ ጥንዶች ለማርገዝ ተቸግረዋል የሚባለው በመደበኛው አንድ ዓመት፣ ሴቷ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች ደግሞ ስድስት ወር ሞክረው ሳይሳካ ሲቀር ነው። ሕመሙ እንዳለባት የታወቀች ሴት ግን ይህን ያህል ሳትጠብቅ መመርመር ትችላለች። ኢንዶሜትሪዮሲስ ማለት መካንነት አይደለም። ከታማሚዎቹ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ይቸገራሉ ተብሎ ይገመታል። በሌላ አነጋገር ብዙዎቹ አይቸገሩም። «ውለጂና ይለቅሻል» የሚለውም መድኃኒት አይደለም። በእርግዝና ወቅት ለአንዳንዶች ይሻላቸዋል፤ ከወሊድ በኋላ ግን ሊመለስ ይችላል።

እህቴ ምን ወሰነች?

ምርመራው ሁሉ ተሠራ። ኤ ኤም ኤቿ ለዕድሜዋ ዝቅ ያለ ነው። የባሏ ምርመራ ደህና ነው፤ እሱም ያለ አንዳች ማጉረምረም ነው የሄደው። በቱቦ ራጅ ቀኙ ክፍት መሆኑ ታየ። ሲስቱ አጠራጣሪ ነገር የለውም። ስቃዩ አለ፤ ግን በማስታገሻ ትችለዋለች። የትኛውን ማስታገሻ ለማርገዝ በምትሞክርበት ጊዜ መውሰድ እንደሚቻልም ሐኪሟን ጠይቃለች።

ባልና ሚስቱ ተቀምጠው የወሰኑት እንዲህ ነው። እስከ ሰኔ ድረስ ያለ ቀዶ ጥገና ይሞክራሉ። በየሦስት ወሩ አልትራሳውንድ ትነሣለች። ሲስቱ ካደገ፣ መልኩ ከተለወጠ ወይም ስቃዩ ከበረታ ሰኔ ሳይደርስ ወደ ቀዶ ጥገና ትሄዳለች። ሰኔ ደርሶ ካልሆነ ደግሞ ወረቀቷን ሁሉ ይዛ የመካንነት ሕክምና ወደሚሰጥበት ማዕከል ትሄድና፣ ቀዶ ጥገና ይቅደም ወይስ አይ ቪ ኤፍ የሚለው እዚያ ይታያል። ለዚህ ዓይነቱ ሕክምና ቀድሞ ብዙዎች ወደ ውጭ ሀገር ይሄዱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር በመንግሥት ደረጃ የአይ ቪ ኤፍ ማዕከል ሥራ መጀመሩ ተስፋ የሚሰጥ ነው።

ይህ ውሳኔ ለሁሉም ይሠራል አልልም። ኤ ኤም ኤቿ ከፍ ያለ፣ ስቃይዋም የበረታ የ25 ዓመት ሴት ብትሆን ኖሮ ምናልባት የመጀመሪያው ሐኪም ምክር ይቀድም ነበር። የእህቴ ውሳኔ ጥንካሬው ቀን ያለው መሆኑ ላይ ነው። «እስቲ እንየው» ማለትና «እስከ ሰኔ እንየው» ማለት በጣም ይለያያሉ። ቀን የሌለው ጥበቃ ዕድሜ ይበላል።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች

ነገ ማይክ ስንይዝ ወይም ብዕር ስናነሣ ስለ ሴቶች ጤና መሥራታችን አይቀርም። ከዚህ ሥራ የያዝኳቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ሁለት ሐኪሞች ሲለያዩ አንዱን ጥፋተኛ አድርጎ ዜና መሥራት ቀላል ነው፤ ለምን እንደተለያዩ ማስረዳት ግን ለታማሚዋ ይጠቅማታል። ሁለተኛ፣ «ፈጽሞ የሚያድን» የሚል ቃል ስንሰማ ብዕራችንን እናቁም። ለዚህ ሕመም እስከ ዛሬ ፈጽሞ የሚነቅል ሕክምና የለም፤ የሚያስታግሥና የሚያግዝ ግን አለ። ሦስተኛ፣ የታማሚን ስም ሳንጠራ ታሪኳን መናገር እንችላለን።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ ለማንሣት እንደሞከርኩት ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባትና ልጅ የምትፈልግ ሴት ቀዶ ጥገናዋን መቼ ማድረግ እንዳለባት አንድ መልስ የለም። መልሱ ከዕድሜዋ፣ ከስቃይዋ፣ ከእንቁላል ክምችቷ፣ ከቱቦዎቿ፣ ከባሏ ምርመራና ልጅ ከምትፈልግበት ጊዜ ተደምሮ የሚወጣ ነው። ሁሉም የሚጀምረው ግን ከመናገር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው። የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ክፍል የምትቀር ጓደኛ ካለችሽ «ሁላችንንም ያመናል» ብለሽ አትለፊያት። የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ዘንድ እንድትታይ ንገሪያት፤ ብቻዋን ከፈራች አብረሻት ሂጂ፤ ደብተርና እስክርቢቶም ያዢላት። እኔም ከመጪው ፈተና በኋላ ራሴን ለመታየት ቀጠሮ ይዣለሁ።

ቸር ይግጠመን።